ከፈን የለበሰው አይሮፕላን

ላም የሰው ማሳ ገብታ እህል ብትበላ ባለቤቷ ይጠየቃል፤ ይኼ ያለ ነገር ነው። የሸሪፋ ላም የበላችው ግን እህል አልነበረም። አይሮፕላን ነው የበላችው። አዎ፣ አይሮፕላን! ምን ታፈጡብኛላችሁ? ጣልያን በገባ በሦስተኛው ክረምት፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የሆነ ነው።

ሸሪፋ የኩታበር ልጅ ናት። ከደጋ ወርዳ ኮምቦልቻ የተዳረች፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ድምጿ ከጎረቤት የማይሰማ ሴት ነበረች። እንዝርት ከእጇ አይለይም። ደጃፍ ተቀምጣ ስታወራ ትፈትላለች፣ ወጥ እስኪበስል ትፈትላለች፣ ገበያ ስትሄድ እንኳ እየተራመደች ትፈትላለች። ክሯ ከኮምቦልቻ አልፎ ደሴ ድረስ ስም ያወጣ ነበር። ባሏ ጀላል ከብት አርቢ ነው፤ ሳቂታ፣ ቀልደኛ፣ አፉን መያዝ የማይሆንለት ሰው። ከጀላል አባት ከሐጂ ሙሄዲን ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ግቢያቸው አይሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ዳር ነው። ሜዳው ድሮ የከብት ግጦሽ ነበር፤ አሁን የመንግሥት ሆነ ብሎ ለከብቶቹ ማን ይንገራቸው?

የዚያን ሰሞን የመጣው አይሮፕላን የጦር አልነበረም። የመንግሥት ቢሆንም ደብዳቤና መንገደኛ ይዞ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘውና እዚያው አደረ። ጠባቂው አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ወታደር ነው፣ ብርዱን ሸሽቶ ጎጆ ውስጥ ተሸጎጠ። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል የጀላል ቡሬ ላም በረት ሰብራ ወጣች። የአይሮፕላኑ ጅራት በጨርቅ የተሸፈነ ነው፤ ጨርቁ የተቀባው ቀለም ምን እንደሚጣፍጥ እሷ ትወቀው፣ ላሰችው፣ ላሰችውና ነከሰችው፣ ጎተተችና የአንድ መስገጃ ያህል ገሸለጠች። አስካሪው ዓይኑን ሲገልጥ ግማሹን ውጣዋለች።

ጀላልን ከመኝታው ጎትተው ወሰዱት። "የሽፍታ ተላላኪ ነህ፣ አይሮፕላኑን ሆን ብለህ ነው ያስበላኸው" አሉት። እሱ ደግሞ፣ ወይ ነዶ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ አላስቻለውም። "ላሜ ከጣልያን ጋር ምን ጠብ አላት?" ብሎ መለሰ። ቀልዱ ሁለት ጥርሱን አስወለቀው። ላሟን በዚያው ቀን አርደው በሏት፣ እሱን ሜዳው ዳር ካለው የቆርቆሮ ቤት ዘጉበት።

ሸሪፋ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ተገትራ ዋለች። የሚያናግራት ጠፋ። ወደ ማምሻው ላይ በላቸው ወደ እሷ መጣ። በላቸው የደሴ ክርስቲያን ነው፣ አሥመራ ኖሮ ጣልያንኛ የለመደ፣ በሜዳው ቢሮ የሚያስተረጉም። ከጀላል ጋር ይዋደዱ ነበር።

"እቴ ሸሪፋ፣ ስሚኝ" አላት ዙሪያውን እየገላመጠ። "ሐሙስ የጦር ዳኞች ከደሴ ይወርዳሉ። አይሮፕላኑን እንዲህ ተቦጭቆ ቆሞ ካገኙት ጀላል አለቀለት። ይሰቅሉታል።"

"ያ ረቢ!"

"አብሽሪ፣ ልጨርስልሽ። ከሐሙስ በፊት ተጠግኖ ከበረረ የሜዳው ሹም ነገሩን የላም ጥፋት ነው ብሎ ይዘጋዋል። ለጀላል አዝኖ እንዳይመስልሽ። ሜዳውን ሳያሳጥር የተኛው እሱ ነው፤ ለራሱም ፈርቷል።"

"ታዲያ ለምን አይጠግኑትም?"

"በምን ጨርቅ? ለመንግሥት አይሮፕላን የሚገዛ ሁሉ፣ ከምስማር እስከ ክር፣ የጣልያን አገር ሥራ ይሁን ተብሎ ታዟል። የጣልያኑ ጨርቅ አሥመራ ነው ያለው፣ መንገዱን ደግሞ ጎርፍ ቆርጦታል። ገበያ ላይ ያለው አቡጀዴ የጃፓንና የህንድ ነው። የሌላ አገር ዕቃ ለአይሮፕላን የገዛ ሹም በሰንሰለት ታስሮ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ቀዳዳ ብቻ አለች። የጣልያን ዕቃ ሲጠፋ፣ እዚሁ እነሱ በያዙት አገር የተሠራ ከሆነ፣ ሹሙ ምክንያቱን ጽፎ ከፈረመ ደንቡ ለዚያ ግዢ ይነሣል። የደሴ ጨርቅ ፈልጊ። ጠንካራ፣ ነፋስ የማያሳልፍ።"

ሸሪፋ አላመነታችም። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ የደሴን አቀበት በእግሯ ተያያዘችው። የጣልያን ካሚዮኖች ጭቃ እየረጩባት ያልፋሉ፤ እሷ ዞር ብላም አላየቻቸው። በልቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ሐሙስ። ደሴ ስትደርስ በቀጥታ ሸማኔው አብዱልወሀብ ቤት ገባች። ሰውዬው ክሯን ለዓመታት የሠራ ነው። ሽመናው ቆሟል። የሚሸመን ጥጥ ከየት ይምጣ? የቀረውን አንድ ነጠላ አውጥቶ ሰጣት። ወደ ብርሃን ዘርግታ አየችው፤ ጣቶቿ ከወዲያ በኩል ታዩዋት።

"ይኼ እኮ ወንፊት ነው!"

"ሌላ የለኝም እህቴ።"

"አፈር ስሆንልህ አብዱልወሀብ፣ በዕድሜህ ጥቅጥቅ ያለ ሠርተህ አታውቅም?"

ሸማኔው ወደ መሬት አየ። "ሠርቻለሁ፣ አንድ ጊዜ። የማን እንደሆነም ታውቂያለሽ፤ ክሩን ፈትለሽ ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ።"

ክው አለች። እውነቱን ለመናገር ከሰኞ ጀምሮ በልቧ ጥግ ያ ጨርቅ ብቅ እያለ እሷ ስትገፋው ነበር የቆየችው።

ከጦርነቱ በፊት ሐጂ ሙሄዲን ለሐጅ ሲነሡ ከፈናቸውን አሠርተው ነበር። ሲሞቱ የሚጠቀለሉበትን ነጭ ጨርቅ ማለቴ ነው። ክሩን ምራታቸው እንድትፈትል አዘዙ፤ አብዱልወሀብን "አፈሩ ቶሎ እንዳይደርስብኝ ጥቅጥቅ አድርገህ ምታው" አሉት። ተሸክመውት መካ ወረዱ፣ በዘምዘም ውሃ ነክረው ፀሐይ ላይ አደረቁት፣ መልሰው ይዘውት መጡ። ሐጅ የሚሄድ ሰው በኛ አገር እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ ሳጥናቸው ውስጥ ነው። ጁምዓ ጁምዓ ሳጥኑን ከፍተው ዳሰስ አድርገውት ይዘጉታል። በዚህ ዓለም የቀረኝ ንብረት ይኼ ነው ይሉ ነበር።

እስቲ አሁን አንድን ሽማግሌ ከፈንዎን ይስጡኝ ይባላል? በየትኛው አፍ? ሸሪፋ በዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን አማቷ ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናግራ አታውቅም፤ ሲገቡ ትነሣለች፣ ሲናገሩ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ቁልቁለቱን ስትወርድ እያለቀሰች ነበር። የባሏ ነፍስ እሳቸው ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች፣ እሷ ደግሞ አፍ የላትም።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሐጂ መደብ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

"አገኘሽ?"

"አላገኘሁም፣ አባ።"

"አብዱልወሀብ ምን አለሽ?"

ልትመልስ ሞከረች፣ እንባዋ ቀደማት።

"አብዱልወሀብ የሚያውቀውን እኔ የማላውቅ መሰለሽ?" አሉና ተነሡ። ሳጥኑን ራሳቸው ከፈቱ። ጨርቁን አወጡ፣ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ሰጧት። "ልጄን በዚህ ከምከፍነው አይሮፕላን ብከፍንበት ይሻለኛል።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።

ረቡዕ ጠዋት ዝናቡ ፋታ ሰጠ። ሐጂ "እኔው ራሴ ካልወሰድኩት" ብለው ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ወጡ። ሸሪፋ ከኋላቸው ተከተለች። ቢሮው ውስጥ ሹሙ፣ የአይሮፕላኑ አብራሪና በላቸው ነበሩ። አብራሪው ጨርቁን ወጠረው፣ በአፉ ነፋበት፣ ጥፍሩን ሰክቶ ሊቀደው ታገለ፤ እምቢ አለው። ይሆናል በሚል ራሱን ነቀነቀ። ሹሙ ወረቀት ሳበ፣ ብዕሩን ቀለም ነከረ። ሸሪፋ በሩ ሥር ቆማ ብዕሩን ታያለች። ብዕሩ ወረቀቱን ከነካ ጀላል ዳነ!

"ጨርቁ የት የተሠራ ነው ይላሉ" አለ በላቸው፣ ለወጉ ያህል።

አሁን ሐጂ ሙሄዲን ምን ይላሉ? ደሴ ቢሉ አለቀ፤ አንዲት ቃል ናት። እሳቸው ግን የሚሰጡት ነገር እንዳይናቅባቸው የሚፈሩ ሰው ናቸው። የእኛ ሰው ዕቃውን ሲሰጥ ክብሩን ሳይናገር አይሰጥም። ጥምጥማቸውን አስተካከሉና ቀና አሉ።

"ይኼ ተራ ጨርቅ እንዳይመስላቸው ልጄ። ከመካ የመጣ ነው በልልኝ።"

የበላቸው ፊት አመድ መሰለ። ሊያድበሰብሰው አፉን ከፈተ፤ ምን ዋጋ አለው፣ "መካ" የሚለውን ሹሙ በገዛ ጆሮው ሰምቶታል። ብዕሩን አስቀመጠ። ጨርቁን እንደ እባብ ገፋ አደረገው። ከዚያ ጩኸቱ! ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ነው፣ የእንግሊዝ መርከብ ያመጣው ነው፣ በየት በር አሳልፋችሁ ነው ያስገባችሁት፣ እኔን ልታሳስሩኝ ነው። አስካሪውን ጠራ። ዳኞቹ እስኪመጡ ሽማግሌውንም ከልጃቸው ጋር ዝጉት አለ።

በላቸው ሐጂ እግር ሥር ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "አፈር ስሆን ሐጂ፣ የደሴ ነው ይበሉ! አንዲት ቃል ናት፣ ይበሉ!"

"መካ አልደረሰም ብዬ ልካድ?" አሉ ሐጂ። "ዘምዘም የጠጣ ጨርቅ እኮ ነው! ነገ አላህ ፊት ምን ብዬ ልቀርብ ነው? ልጄ ልጄ ነው፤ በውሸት ግን አላድነውም።"

እውነታቸውን ነው፣ ግትር አልነበሩም። የጠየቋቸው ነገር ልክ ሐጃቸውን ካድ እንደማለት ሆኖባቸው ነው። አስካሪው ክንዳቸውን ያዘ። የሸሪፋ ደም ያን ጊዜ ፈላ። ከየት እንዳመጣችው አላህ ይወቅ፣ ያ በጎረቤት የማይሰማ ድምጿ ቢሮውን ሞላው።

"አባ! ማንም ይካዱ አላለዎትም!"

ሁሉም ዞሩ። ሻሿ ከግንባሯ ወርዷል፤ አላነሣችውም።

"እርስዎ መካ አልሄዱም?"

"ሄጃለሁ እንጂ" አሉ ሐጂ ግራ ገብቷቸው።

"ሄደው አልተመለሱም?"

"ተመለስኩ።"

"ታዲያ ሄደው ስለመጡ ዐረብ ሆኑ? የወሎ ሰው መሆንዎ ቀረ? ጨርቁም እንደርስዎ ነው! እኔ ፈተልኩት፣ አብዱልወሀብ ደሴ ላይ ሠራው፣ ሐጅ አደረገና አገሩ ገባ። ሐጅ መሄዱን ይንገሩለት፣ ማን ከለከለዎት! አገሩን ግን አይንሡት!"

በላቸው ቃል ሳይጥል ተረጎመው። አብራሪው መጀመሪያ ፍጥጥ አለ፤ ቀጥሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ ሳቁን ለቀቀው። ሹሙ አልሳቀም። ጣቱን ወደ ሐጂ ቀሰረና ራሱ ይማል አለ።

ሐጂ ሙሄዲን ጨርቁን አዩ። ምራታቸው በሰው ፊት፣ በፈረንጅ ፊት፣ ቃላቸውን አቁማ የጠየቀቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አኖሩ። 

"ወላሂ የደሴ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሐጅ ደርሶ መጣ እንጂ የደሴ ነው።"

ሹሙ ጻፈ፤ ፈረመ። ግዢ ነውና ዋጋውን ይውሰዱ ሲላቸው ሐጂ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሊራውን በላቸው ተቀብሎ ለመስጊዱ ሰደቃ ይዞት ሄደ። ሐጂ ሲወጡ በሸሪፋ አጠገብ አለፉ፤ ቀና ብለውም አላዩዋት። ረገሙኝ አለች በልቧ። ባሌን አተርፍ ብዬ አባቴን አጣሁ አለች።

ሠራተኛው ጨርቁን በጅራቱ ልክ ቀዶ ሰፋው፣ የሚሸት ቀለም ቀባው፣ ፀሐይ ላይ ተተወ። ሐጂ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ሸሪፋ ራቅ ብላ ቆመች። ሲደርቅ አብራሪው እየዞረ አየው፣ አንኳኳው፣ ከዚያ ለሹሙ አንድ ነገር ተናገረ። በላቸው የሰማውን ይዞ ወደ እሷ ሲመጣ አረማመዱ ደስ አላላትም።

"መንገደኛ ከመጫኔ በፊት ልሞክረው፣ ባለ ላሙ ደግሞ አብሮኝ ይውጣ ብሏል። እኔ በሰዎቹ ጨርቅ ካመንኩ እነሱም ይመኑበት ነው የሚለው።"

"ቢቀደድስ?"

በላቸው ፊቱን ወደ ቆርቆሮው ቤት አዞረ።

ጀላልን አመጡት። ፊቱ አብጧል፣ ዓይኑ ብርሃኑን መቋቋም አቅቶታል። ጅራቱ ላይ የተጣፈውን ጨርቅ አየና "ያ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ። ሸሪፋ አፏን ብትከፍት ልትጮህ ነው፤ ጥርሷን ነከሰች።

"የኔ ነው" አሉ ሐጂ። "ግባ።"

ጀላል ገባው። አባቱን አየ፣ ጨርቁን አየ። "ከፈንዎን፣ አባ?"

"ግባ ብዬሃለሁ!"

እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ያ የተረገመ አፉ! በጎደለው ጥርሱ ሳቅ አለና "እንግዲህ ብወድቅም ተከፍኜ ነው" አላት። በዚያች ደቂቃ በእጇ ዱላ ቢኖር ትመታው ነበር። እንዲህም አድርጋ ወድዳው አታውቅም።

ሞተሩ ጮኸ። ጭቃውን እየበተነ ሮጠ፣ ተነሣ፣ የቦርከናን ወንዝ ተሻገረ። ሸሪፋ ከጅራቱ ዓይኗን አልነቀለችም። ያን ክር የፈተለችበት ክረምት በሙሉ መጣባት። ወባ ይዟት እየተንቀጠቀጠች የፈተለችው አለ። ሰው እያናገራት ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ የፈተለችው አለ። ሲበጠስ በምራቋ አርጥባ የቀጠለችውስ? ያ የቀጠለችው የት ላይ ደረሰ? ተቀዶ ከተረፈው ቁራጭ ላይ ነው ወይስ እዚያ ላይ? ያን ጊዜ ለአፈር ነበር የፈተለችው፤ አፈር አይጎትትም፣ አፈር አይነፍስም። ማን አስቦት!

አይሮፕላኑ ወደ ደሴ በኩል ዞሮ ደመና ውስጥ ገባ። ድምፁ ቀጠነ፣ ከዚያም ጠፋ። ሹሙ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። ሐጂ ከድንጋዩ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸውን አያወርዱትም። ሸሪፋ ከኋላቸው ቆማ "አሚን" ማለት ብቻ ነበር የቻለችው። ለምን እንደሆነ ሳትሰማ አሚን፣ አሚን ትላለች።

በላቸው ነው መጀመሪያ የሰማው። "ዝም በሉ!" አለ፤ የሚናገር ሰው ግን አልነበረም። በሐርቡ በኩል፣ ማንም ባልጠበቀው አቅጣጫ፣ ጉምጉምታ ተሰማ። ከደመናው ሥር ወጣ። ክንፉን ዘንበል አድርጎ ሜዳውን ዞረና ወረደ፣ ነጠረ፣ እንደገና ነጠረ፣ ቆመ። አብራሪው ዘሎ ወርዶ ጅራቱን ዳሰሰ፣ ወደ ሹሙ ዞሮ እጁን አነሣ። ጀላል እየተንፏቀቀ ወረደ፤ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ አስመለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ጠፋው። ሹሙ "ውሰዱት፣ ከብቶቻችሁንም እዚህ አልያቸው" አለና ፊቱን መለሰ።

አይሮፕላኑ ብዙም አልቆየም፤ ደብዳቤውንና መንገደኞቹን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ሦስቱ ሜዳው ዳር ቆመው አዩት። ሸሪፋ ባሏን በብብቱ ደግፋዋለች። ሐጂ አንጋጠው፣ ጅራቱ ነጥብ እስኪሆን፣ ነጥቡም እስኪጠፋ ዓይናቸውን አልመለሱም። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። ከቢሮው ከወጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሱላትም። ሸሪፋ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበችና አንገቷን ደፋች፤ እርግማኑን ልትቀበል።

"ጥጥ አለሽ?" አሏት።

"አለኝ፣ አባ።"

"እንግዲያው ሌላ ጀምሪልኝ።" መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "ግን ቀስ በይ ልጄ። አትቸኩይብኝ።"